«ኩባዊት ነሽ?» ላስባሉኝ መምህሬ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሥራ እየያዘኝ ቆየሁ። ዛሬ ሪሴፕሽኑ ጭር ብሏል፣ እንግዶቹም ጀልባ ላይ ናቸው። ስለዚህ ምስጋናዬን ላድርስ።

ነሐሴን ስፔን ነበርኩ። ሳላማንካ በምትባል ከተማ አራት ሳምንት ስፓኒሽ ተማርኩ። «ማን ላከሽ?» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ማንም አልላከኝም። ሦስት ዓመት እቁብ ጥዬ ነው የሄድኩት። ቋንቋውን ግን ያስጨበጡኝ እዚሁ ሐዋሳ ያሉ አንድ ሰው ናቸው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ ስፓኒሽ የተማሩት በልጅነታቸው ኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደዚያ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ናቸው። ያደጉባት ደሴት ስሟ ራሱ የወጣቶች ደሴት ነው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ደግሞ የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሥራ። ዛሬም ግሬፕፍሩት በአፋቸው አይዞርም። «የድርሻዬን ለቅሜያለሁ» ይላሉ።

የሚያስተምሩበት ክፍል የላቸውም። ክፍላቸው ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትገናኛላችሁ፣ እየተራመዳችሁ ታወራላችሁ። የመጀመሪያው ቀን አሞራ ገደል ወሰዱኝና አባ ኮዳዎቹን አስቆጠሩኝ። ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ። አንዱ ከበረረ እንደገና ከአንድ። አሳ የሚያጸዱት ልጆች በሳቅ ሞቱ። በሳምንቱ ደግሞ እሳቸው አሳ ሻጭ፣ እኔ ገዢ ሆነን ዋጋ ተከራከርን። እውነተኛው ሻጭ የሚወራው ባይገባውም መሃል ገብቶ «ቀንሱላት እንጂ!» አለልኝ።

ከዚያ በፊት በስልክ አፕ ለብቻዬ ሞክሬ ነበር። «ዮ» እያልኩ ነበር ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ የምጀምረው፣ «እኔ» ማለት ነው። ጋሼ አስቆሙኝ። «እቤትሽ 'እኔ እበላለሁ' ትያለሽ? 'እበላለሁ' ስትዪ እኔነትሽ ውስጡ አለ። 'ኮሞ'ም እንደዚያው ነው።» እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበትን ነገር አማርኛ በነጻ ይሰጠናል ባይ ናቸው። ቱ እና ኡስቴድ አንቺና እርስዎ ናቸው። ለእኛ ይህ ምን ይከብዳል? «ኝ»ማ በእጃችን ነው። ነገ ለማለት «ማኛና» ነው የሚባለው። «ማኛ ጤፍ ያለ አፍ ማኛና አያቅተውም» ብለው ገላገሉኝ።

ሴር እና ኤስታር የሚባሉት ሁለት ግሶች ብዙ ሰው ያስለቅሳሉ። የጋሼ መነሻ አጭር ናት። ሴር «ነው» ነው፣ ኤስታር «አለ» ነው። «አስተማሪ ነው» በሴር፣ «እቤት ውስጥ አለ» በኤስታር። ሁልጊዜ እንደማይሠራ እሳቸውም ያምናሉ። «ደክሞኛል» ለማለትም ኤስታር ነው የሚገባው። እኔን ግን ይህች ነገር እስከ ሳላማንካ አደረሰችኝ።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። «ቪዛውንም ትምህርት ቤቱንም እንጨርስልሻለን» ያለኝ አንድ ቢሮ ቀብድ ተቀብሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ጋሼ ሲሰሙ «ለምን ራስሽ አትጽፊላቸውም?» አሉኝ። ይጽፉልኛል ብዬ ነበር። ወይ ፍንክች! እኔ ጻፍኩ፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ሰባት ጊዜ መለሱብኝ። ደብዳቤው በተላከ በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ መልስ መጣ። የቀረው የወረቀት ጣጣ ነው። የተቀባይነት ደብዳቤ፣ የማድርበት ቤት አድራሻ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ቆይታዬ ከ90 ቀን በታች ስለሆነ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ በቃኝ።

ሳላማንካ ስደርስ የአውቶቡስ ፌርማታ ጠፋብኝ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብዬ «ጓጓው የት ነው?» አልኳቸው። በጋሼ ስፓኒሽ አውቶቡስ ጓጓ ነው፣ ሌላ ስም እንዳለው እንኳን ረስቻለሁ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኩባዊት ነሽ?» አሉኝ። አከራዬም ጠየቀችኝ። የክፍል አስተማሪዬም ጠየቀችኝ። «ኮሞ ኤስታስ» (እንዴት ነሽ) የሚለውን «ኮሞ ኤታ» እያልኩ ለካ «ስ»ዋን እንደ ኩባዎቹ ስውጣት ነው የከረምኩት። ስፔኖቹ በበኩላቸው «ግራሲያስ» ሲሉ ምላሳቸውን ጥርሳቸው መሃል ያስገባሉ። ድምፁ በእኛ ፊደል አይጻፍም፣ እኔም አልተማርኩትም።

ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት እግር ወዳመራኝ። ዩኒቨርሲቲያቸው በ1218 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የድንጋይ ቅርጽ ውስጥ የራስ ቅል ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት አለች። ያለ ሰው እርዳታ ያገኛት ተማሪ ፈተናውን ያልፋል ይባላል። እኔ አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ አላገኘኋትም። መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን በጣቱ አሳየኝ። አዲሱ ካቴድራል በር ላይ ደግሞ ጠፈርተኛ ተቀርጿል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሲታደስ የተጨመረ ነው እንጂ የድሮ ሰዎች ትንቢት አይደለም። ከተማዋ የተሠራችበት ድንጋይ አመሻሽ ላይ ወርቅ ይመስላል። ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። እራትም ያኔ ነው የሚጀመረው። እኛ ቤት በዚያ ሰዓት እቃ ታጥቦ አልቋል።

ፍልሰታ እዚያ ያዘኝ። ጋሼ አስቀድመው «'ያለ ሥጋ' ብለሽ እንዳታዢ፣ 'ቬጋና ነኝ' በያቸው» ብለውኝ ነበር፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ አልበላም ማለት ነው። አልሰማሁም። ያለ ሥጋ ብዬ ያዘዝኩት ሰላጣ ኻሞን ተነስንሶበት መጣ፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። አስተናጋጁ ደግሞ ግራ ገብቶት «ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ኻሞን ነው» አለኝ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን የሐዋሳ ክርክር እዚህ አልከፍትም። በኻሞን ግን ሁላችንም እንስማማለን።

አንድ ቀን ማታ ለጋሼ ደወልኩ። አከራዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ባሏ የሞተባት፣ ዝምታ የምታበዛ ሴትዮ ናት። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከጋሼ ጋር ግን ወደ አርባ ደቂቃ አወሩ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ የማዳምጠው ግማሹ አልገባኝም። ስልኩ ሲመለስልኝ «ምን ስታወሩ ነበር?» አልኳቸው። «ስለ ዘይት ዋጋ» አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ሳልረሳው ቀርቻለሁ ለካ» አሉኝ።

ከጋሼ ልትማሩ ለምትፈልጉ፣ እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ዴሌ ለሚባለው የስፓኒሽ ችሎታ ማረጋገጫ ፈተና መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰው ይጨምር፣ ጋሼ በጽሁፍ ሰዋስው ብዙ አይገፉም። 12 ሰዓት ተኩል ማለት 12 ሰዓት ተኩል ነው። አምስት ደቂቃ ከዘገያችሁ ትተዋችሁ ሄደዋል፣ በባጃጅም አትደርሱባቸውም። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀራል። የሚይዙት ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነው። የምር የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ክፍያውን ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ እኔን ግን አልከበደኝም።

ጋሼ፣ ስልክዎን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁና እግዜር ይስጥልኝ። ሰባቱ ቀይ እስክሪብቶ ዛሬም ይቆጨኛል፣ ደብዳቤውን ግን አልጣልኩትም።

ስሄድ «ምን ላምጣልዎ?» ብያቸው ነበር። «የዕለቱን ጋዜጣ፣ አንብበሽው ቢሆን ይሻላል» አሉ። አመጣሁላቸው። አዲሶቹ ተማሪዎች አሁን በእሱ ነው የሚያነቡት። የመጨረሻውን ገጽ ግን እንዳትነኩባቸው። መስቀለኛ ቃላቱን በቀን አንድ መስመር ብቻ እየሞሉ ነው።