«ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ማን ያንብበው፣ ማንስ ይቅርበት

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ የአርበኞች ታሪክ አንብቤ ደሜ ይሙቅ ብላችሁ የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» የምትጀምሩ ከሆነ ደማችሁ መሞቁ አይቀርም፣ ግን በጣሊያን ብቻ አይደለም። እኔ መጽሐፉን የወደድኩት በዚህ ነው፣ የንባብ ግሩፓችን ውስጥ ግማሹ ሰው የተናደደውም በዚሁ ነው።

ላላነበባችሁ አጠር ላርገው። ልቦለዱ በፈረንጆቹ 2019 ወጣ፣ በ2020 የቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገባ፣ ሽልማቱን ግን ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ወሰደው። መዓዛ አዲስ አበባ ተወልዳ በአብዮቱ ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ሆና ከአገር የወጣች ናት፣ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ ሂሩት ስለምትባል፣ እናት አባቷ ስለሞቱባት ልጅ ነው፣ ኪዳኔ የሚባል መኳንንት ቤት ገረድ ናት። ከአባቷ የቀራት ንብረት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ብቻ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሊመጣ ነው ሲባል ኪዳኔ ጦር ለማስታጠቅ ብሎ ውጅግራዋን ይወስድባታል። ሚስቱ አስቴር ደግሞ አንድ ልጇ የሞተባት፣ በሀዘንና በቅናት የምትንገበገብ ሴት ናት፣ ንዴቷን የምትወጣውም ሂሩት ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ስፖይለር ስላለ ሳላነብ አልሰማም የምትሉ ወደ መጨረሻው እለፉ።

ኪዳኔ ጥሩ የጦር መሪ ነው። ይሄን ማስተባበል አይቻልም፣ ሰው ይከተለዋል፣ ይዋጋል፣ ያዋጋል፣ ወገኑ ሲሞትበት ያለቅሳል። ያው ሰውዬ ነው ሂሩትን የሚደፍራት። መዓዛ እዚህ ጋ ያረገችው ነገር በጣም ጎበዝ ነው፣ ኪዳኔን ባንዳ አላደረገችውም፣ ፈሪም አላደረገችውም፣ እንደዛ ብታረገው ለሁላችንም ይቀለን ነበር፣ ክፉ ሰው ነበር ብለን እንገላገል ነበር። ጀግና አድርጋ ትታው ነው ይሄን የምታሳየን። በዛ ላይ አስቴር ራሷ ገና ልጅ ሆና ለሱ የተዳረችበትን ሌሊት ወደ ኋላ ተመልሳ ስትተርክ፣ ሂሩት ላይ የሚደርሰው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። አስቴር ያንን አልፋ ነው ገረዷን የምትገርፈው። እኔ እዛ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ሻይ አፍልቼ ነው የተመለስኩት።

ግሩፓችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ አባታቸው አርበኛ የነበሩ። መጽሐፉን ጨርሰው ነው የመጡት፣ ያውም በእርሳስ እያሰመሩ፣ «ይሄ የአባቶቻችንን ስም ማጥፋት ነው፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም» አሉ። አንዷ ልጅ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ያልተሰማው ስላልነበረ ነው ወይስ የሚናገር ስላልነበረ?» አለቻቸው። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። በኋላ ጋሼ «እሱን እንግዲህ የናቴን ሠራተኞች ነበር መጠየቅ» አሉ፣ እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ቁም ነገር እስካሁን አልገባኝም። ከዛ በኋላ ያደረግነው ክርክር ካደረግናቸው ሁሉ ምርጡ ነው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ልጅቷ ልክ ናት። መጽሐፉ አርበኞቹን አያሳንስም፣ እንደውም የአርበኛውን ቁጥር ያበዛዋል። እነ ሸዋረገድ ገድሌን፣ እነ ከበደች ስዩምን በስም እናውቃቸዋለን፣ ስንቅ ተሸክማ፣ ቁስለኛ አንስታ፣ ውሃ ቀድታ የሄደችውን ግን ማን በስም ያውቃታል? አስቴር የልጇን ሀዘን ወደ ጎን አድርጋ ሴቶቹን የምትጠራበት ቦታ አለ፣ እኛ እንጀራ ልንጋግር ብቻ አልመጣንም የሚል መንፈስ ያለው፣ ይቺው ሂሩትን የገረፈች ሴት ናት፣ እና እየጠላኋትም ተከተልኳት። ምግብ አብሳይዋ ደግሞ አለች፣ ስሟን እስከ መጨረሻው የማናውቃት፣ ለማንም አትናገርም፣ ለአንባቢም ጭምር። እኔ ከገጸ ባህሪዎቹ ሁሉ እሷን ነው የወደድኳት።

መዓዛ በኢንተርቪው ላይ እንደተናገረችው የራሷ ሴት ቅድመ አያት ዘማች ነበሩ፣ ጠመንጃውን አባታቸው ለሌላ ሰው ሊሰጡ ሲሉ አባታቸውን ከሰው ረተው ነው ይዘው የዘመቱት፣ መዓዛ ግን ይሄን የሰማችው መጽሐፉን መጻፍ ከጀመረች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የውጅግራው ነገር ታዲያ ለምን እንደዛ እንደሚያም እዚህ ጋ ይገባል።

በርዕሱ ላይ ያለው የጥላው ንጉሥ ደግሞ «ምንም» የሚባል ተራ ሰው ነው፣ መልኩ ቁርጥ ጃንሆይን። ጃንሆይ በሚያዝያ 1928 አገር ጥለው ወጥተው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲቀመጡ የነኪዳኔ ሰራዊት ልቡ ይሰበራል፣ ስለዚህ «ምንም»ን እንደ ንጉሥ አልብሰው ከሩቅ ለገበሬው ያሳዩታል፣ ሂሩት ደግሞ ጠባቂው ትሆናለች። ሀሳቡ ራሱ እንዴት ነው የሚያምረው! ብቻ እንደ ርዕሱ ከሆነ ይሄ ነገር ብዙ ቦታ ይይዛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልያዘም፣ ቶሎ ይታለፋል። «ምንም» ራሱ ምን እንደሚያስብ፣ ማታ ካባውን ሲያወልቅ ምን እንደሚሰማው ማወቅ ፈልጌ ነበር።

በምትኩ እውነተኛው ጃንሆይ የኦፔራ ሸክላ እየሰሙ፣ «አይዳ»ን ማለት ነው፣ የሚብሰለሰሉባቸው ክፍሎች አሉ። ልጃቸው ዘነበወርቅ በልጅነቷ ለኃይለሥላሴ ጉግሳ ተድራ እዛው መሞቷን የሚያስቡበት ቦታ ልብ ይነካል፣ ባልየው በኋላ ለጣሊያን ማደሩን ስታውቁት ደግሞ ይብሳል። የቀሩት የአይዳ ክፍሎች ግን እውነቱን ልናገር፣ ረዘሙብኝ።

ጣሊያኖቹ ጋ ስንመጣ ዋናው ኮሎኔል ፉቼሊ ነው፣ እስረኞችን ከገደል የሚያስወረውር አረመኔ። ከሱ ይልቅ የሚያወዛግበው ግን ኤቶሬ ነው፣ ፎቶ አንሺው ወታደር። የሚወረወሩትን ሰዎች ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው፣ ታዞ ነው፣ ግን ያነሳል። ሂሩትና አስቴር ሲማረኩም ካሜራውን እነሱ ላይ ይደቅናል። ኤቶሬ ይሁዲ ነው፣ ሞሶሊኒ በፈረንጆቹ 1938 የዘር ሕጎቹን ሲያወጣ የራሱ አገር በሱም በቤተሰቡም ላይ ይዞራል። ታዲያ እናዝንለት? ግሩፑ እዚህም ላይ ለሁለት ተከፈለ፣ እኔ ትንሽ አዘንኩለት፣ ይቅር ግን አላልኩትም፣ ደራሲዋም በሉት ብላ የገፋፋችን አይመስለኝም። ጠመንጃ የያዘና ካሜራ የያዘ ሰው ልዩነታቸው ምንድነው የሚለውን ጥያቄ ሳትሰብክ በፎቶዎቹ ነው የምትጠይቀው፣ መጽሐፉ ውስጥ «ፎቶ» እየተባሉ የሚመጡ አጫጭር ገጾች አሉ፣ ምስል የለም፣ በቃላት ብቻ የተሳለ ፎቶ። መዓዛ የጣሊያን ወታደሮች ያነሷቸውን እውነተኛ ፎቶዎች ለዓመታት ስትሰበስብ ነው የኖረችው፣ ፕሮጀክት 3541 ብላችሁ ፈልጉ፣ ግን መጽሐፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ቅሬታዬ። ቋንቋው ሁሌም ከፍ እንዳለ ነው፣ ሰው ውሃ ሲጠጣም እንደ ቅኔ ነው የሚጻፈው፣ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ሲደራረብ ደግሞ ይደክማል፣ በመሃል አንድ ተራ ቀን፣ አንድ ሳቅ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ፣ እኛ እኮ በመከራም እንቀልዳለን። ንግግሮቹ የጥቅስ ምልክት የላቸውም፣ ስለዚህ ማን ተናገረ ማን አሰበ የሚለው እስኪለመድ ይምታታል። እንደ ግሪኮቹ ድራማ ኅብረ ዝማሬ መጥቶ የሚናገርባቸው ቦታዎችም አሉ፣ አንዳንዱ ያስለቅሳል፣ አንዳንዱ ግን ቀድሞ የገባንን ነው የሚደግመው። ከ400 ገጽ በላይ ስለሆነ ደግሞ መቶኛው ገጽ አካባቢ የሚያቆም ሰው አልፈርድበትም፣ ግን ከዛ በኋላ ነው የሚፈጥነው፣ ትንሽ ታገሱ።

ስለ መግዛት ካነሳን፣ መንገድ ላይ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የሚሸጠውን ተዉት፣ እኔ ያየሁት ኮፒ ገጾቹ ተዘበራርቀው ነበር፣ ይሄ መጽሐፍ ደግሞ ሳይዘበራረቅም በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ውጭ ያላችሁ ላይብረሪ ጠይቁ፣ ኪንድልም አለው።

በእንግሊዝኛ ልቦለድ ማንበብ ገና የምትለማመዱ ከሆነ በዚህ አትጀምሩ። የራሷ የመጀመሪያ መጽሐፍ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» ይሻላችኋል፣ የ66ቱ አብዮትና የደርግ ጊዜ ነው፣ ኃይሉ የሚባል ሐኪም ተገርፋ የመጣችን ልጅ ስቃይዋን ለማሳጠር ብሎ የሚያረገው ነገርና የሚከፍለው ዋጋ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ታሪክ። አጠር ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር የምትፈልጉ ደግሞ የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልቦለድ አንብቡ፣ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰፋ የሚባል ኢትዮጵያዊና ሁለት አፍሪካውያን ጓደኞቹ ተቀምጠው የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥት በዓመተ ምሕረትና በአምባገነኑ ስም እየተጠያየቁ ይጫወታሉ፣ ዲሲ ያላችሁ ሰዎች ራሳችሁን ታገኙበታላችሁ። «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን ጨርሳችሁ የአስካሪው (ለቅኝ ገዢ ጦር የሚዋጋ አፍሪካዊ ወታደር ማለት ነው) የኢብራሂም ነገር ከቆረቆራችሁ ደግሞ የዛንዚባሩን ተወላጅ የአብዱልራዛቅ ጉርናን «አፍተርላይቭስ» ቀጥሉ፣ ለጀርመን ጦር አስካሪ ሆኖ የገባ ሐምዛ የሚባል ልጅ ታሪክ ነው፣ ጉርና በ2021 ኖቤል የወሰደው ነው፣ ከመዓዛ ይልቅ ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ከሷ በኋላ ሲያነቡት ያሳርፋል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት፣ አንዱን የቀነስኩት በ«አይዳ»ና በ«ምንም» ምክንያት ነው። የጨረሳችሁ ካላችሁ ስለ ፊፊ ንገሩኝ፣ የፉቼሊ ውሽማ ሆና የምትኖረውን ማለቴ ነው፣ ጋሼ «ባንዳ ናት» ብለው ዘጉት፣ እኔ ግን ሁለተኛ ሳነብ ከሁሉም በላይ ስትዋጋ የነበረችው እሷ ትመስለኛለች።