የዊትቢ አሮጌ ፖስትካርዶች፦ ፎቶግራፍ ይሻላል ወይስ ህትመት?

በእንግሊዝ ዮርክሻየር የምትገኘውን የወደብ ከተማ የዊትቢን አሮጌ ፖስትካርዶች እንደምሰበስብ የሚያውቁ ወዳጆቼ፣ በፎቶ ወረቀት ላይ የታጠበውን ካርድ ይግዙ ወይስ በማተሚያ ቤት ቀለም የታተመውን፣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። እኔ ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ለይቶ መግዛትን የተማርኩት 22 ፓውንድ ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ዋጋቸው አይቀራረብም። የከተማዋን ጥንታዊ ገዳም ፍርስራሽና ወደ እርሱ የሚያወጡትን 199 ደረጃዎች የሚያሳዩ ባለቀለም ህትመቶችን በ2 እና በ3 ፓውንድ ገዝቻለሁ፤ የዓሣ አጥማጆቹ ፊት ተለይቶ የሚታይበትን የፎቶግራፍ ካርድ ግን ከ12 ፓውንድ በታች አግኝቼ አላውቅም። በአንዱ ፎቶ ዋጋ እስከ ስድስት ህትመት ይገኛል ማለት ነው፤ ስድስቱም ግን ያንኑ ገዳም ይደጋግማሉ፤ ቀለሙም የማተሚያ ቤቱ ፈጠራ ስለሆነ ቦታው በእውን ምን ይመስል እንደነበር አይነግረንም።

ያከሰረኝ ካርድ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1914 በከተማይቱ አቅራቢያ ከዓለት ጋር ተላትማ የተሰበረችውን የሆስፒታል መርከብ ሮሂላን የሚያሳይ ነበር። ሻጩ «ኦሪጅናል ፎቶ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ቤት ገብቼ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስመለከተው ግን የመርከቧ ምሰሶ በሙሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ አገኘሁት። እውነተኛ ፎቶ ነጠብጣብ የለውም፤ ጥቁሩ ሳይቆራረጥ ወደ ግራጫ ይሳሳል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደግሞ ጀርባው ቦግ ብሎ አበራ፤ እንዲህ የሚያበራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወረቀት ላይ መጨመር የተለመደው ማንጫ ነው። ገንዘቤ አልተመለሰልኝም።

ጥገናም ሌላ ጣጣ ነው። የተጎዳ ጠርዝ ለመደበቅ ዙሪያውን የሚከረክሙ ስላሉ፣ የተለመደው መጠን 140 በ89 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን ይዤ ያለ ማስመሪያ ገበያ አልወጣም። ከአልበም ተገንጥሎ ጀርባው ላይ ወረቀት የተጣበቀበትን አንድ ካርድ ደግሞ እኔው ራሴ በውሃ አርሼ ላላቅቅ ስሞክር፣ የፎቶው ሽፋን እንደ ወተት ስልባቦት ተነሥቶ ጣቴ ላይ ቀረ፤ 9 ፓውንድ በአንድ ሳህን ውሃ ጠፋ።

ከፎቶዎቹም መካከል ተጽፎበት በፖስታ የተላከውን አስቀድማለሁ፤ ንጹሑ ካርድ ቢያምርም ዕድሜውን አይመሰክርም። የግማሽ ፔኒ ቴምብር ብቻ ያለበት የብሪታንያ የአገር ውስጥ ካርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ወደ 1 ፔኒ ካደገበት ከጁን 1918 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተላከ ነው፤ ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ በሁለት የተከፈለ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1902 አይቀድምም።

እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተው፣ መርከብ ሲያልፍ የሚዞረው የዊትቢ ተዘዋዋሪ ድልድይ በሁለቱም ዓይነት አለኝ። የታተመው በ3 ፓውንድ የተገዛ፣ አራቱም ማዕዘኑ ደህና የሆነ ነው፤ ፎቶው 14 ፓውንድ ያወጣሁበት፣ አንድ ማዕዘኑ የታጠፈ ቢሆንም የድልድዩን አጥር ተደግፎ የቆመውን ልጅ የጫማ ክር ሳይቀር ያሳያል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ከሁለቱ አንዱን እንድሸጥለት ቢጠይቀኝ፣ የታተመውን በነጻ ሰጠሁት።