ላ ፋን ዱ ሞንድ፦ ጉልበቱን የሚደብቅ ቢራ

ጠንካራ ቢራ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ጉሮሮ የሚፋጅ ነገር ነው። ላ ፋን ዱ ሞንድ አንዱም የለበትም። መልኩ ወርቃማ ነው፤ አፍ ላይ ቀለል ይላል። የአልኮል መጠኑ ግን 9 በመቶ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ከምናገኛቸው ቢራዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የማነሳው።

የሚጠመቀው ሞንትሪያል አጠገብ፣ ሻምብሊ በምትባል የኬቤክ ከተማ ነው። ጠማቂው ዩኒብሩ ይባላል፤ ቢራውን ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ዛሬ ፋብሪካው በጃፓኑ ሳፖሮ እጅ ነው ያለው። አጠማመቁ ግን የቤልጂጎች ነው፤ ትሪፕል የሚሉት ወርቃማና ጠንካራ ዓይነት። የትሪፕል መለኪያ ተደርጎ የሚቆጠረው አንትወርፕ አካባቢ ባለው የዌስትማሌ ገዳም የሚጠመቀው ነው። መነኮሳቱ በ1934 ጀመሩት፤ አሁን የምናውቀውን ጣዕም የያዘው ደግሞ በ1956 ነው።

ሲቀዳ ችኮላ አይወድም። ብርጭቆውን አጋድላችሁ ቀስ እያላችሁ ቅዱ። ቸኩላችሁ ከገለበጣችሁት ግማሹ አረፋ ይሆናል። ጋዙ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ቢራው ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላም እንደገና ይፈላል። አረፋው ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቶሎ አይጠፋም። ጠጥታችሁ ብርጭቆውን ስታስቀምጡ በየጉንጩ ልክ አንድ አንድ ነጭ ቀለበት መስተዋቱ ላይ ይቀራል።

ሽታው ላይ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ አፍንጫ ላይ የሚመጣው ድንብላል ነው። ከዚያ የብርቱካን ልጣጭ። ትንሽ ቆይቶ ቅርንፉድና በደንብ የበሰለ ሙዝ ይከተላሉ። የሚገርመኝ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ለዚህ ዓይነት ቢራ ሙዝም ቅርንፉድም አይጨመርም። ያን ሁሉ የሚያወጣው እርሾው ነው። ቤልጂጎች እርሾአቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ ስትቀምሱት ማር ማር ይላል። ጣፋጭ ነው ብላችሁ ሳትጨርሱ ጣፋጩ ይጠፋና አፍ ደረቅ ብሎ ይቀራል፤ መጨረሻው ላይ ቀጠን ያለ ምሬት አለ። የትሪፕል ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከብቅሉ ጋር ስኳር ይገባበታል። እርሾው ስኳሩን ጠራርጎ ይበላውና አልኮል ያደርገዋል። ስለዚህ ጉልበቱ ይጨምራል እንጂ መጠጡ አይወፍርም። ብቅል ብቻ ጨምረው 9 በመቶ ቢያደርሱት ኖሮ ከሁለት ጉንጭ በኋላ ይከብድ ነበር።

ጠርሙሱ ስር እርሾው ተኝቷል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳታናውጡ ጥርት አድርጋችሁ ቅዱ። መጨረሻ ላይ የቀረውን ጠርሙሱን ዞር ዞር አድርጋችሁ ጨምሩት። ከጋን ላይኛውና ከታችኛው የተቀዳ ጠላ እንደሚለያይ ሁሉ ይሄም ይለያያል፤ ድፍርሱ የዳቦ ጣዕም አለው፣ ሞላ ያለ ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ሆዱ የማይችልለት ሰው ግን ጥርቱ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ከፍሪጅ ካወጣችሁት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በረዶ በያዘ ትልቅ የድራፍት ብርጭቆ አቅርበውልኝ ነበር። ሽታ የለ፣ ጣዕም የለ፤ ቅዝቃዜ ብቻ። የዚህን ያህል የተለፋበት ቢራ እንዲህ ሲቀርብ በጣም ያሳዝናል። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ካላችሁ በእሱ ጠጡት፤ ከሌላችሁ የወይን ብርጭቆ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካናዳ ውስጥ አንድ መጠጥ ተብሎ የሚቆጠረው 341 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ነው። የላ ፋን ዱ ሞንድ ትንሿ ጠርሙስም 341 ሚሊ ሊትር ናት። ስለዚህ አንዷን የጠጣ ሰው ሁለት ቢራ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጠጥቷል። በቡሽና በሽቦ የታሰረው ባለ 750 ደግሞ ወደ አራት ይጠጋል። ቢራው ይህን አያስታውቅም፤ እየጠጣችሁት ምንም አይመስልም፣ ስትነሱ ነው የሚታወቀው። ለእኔ ትልቁ ሙያውም ትልቁ እንከኑም ይሄው ነው። መኪና ይዞ ለመጣ ሰው ጨርሶ አትቅዱለት። እንግዳ ሲመጣም «ትንሽ ጨምሪ፣ ትንሽ ጨምር» የሚለው የእኛ ግብዣ እዚህ ላይ ልጓም ይፈልጋል። ትልቁን ጠርሙስ ለሦስት ወይም ለአራት ተካፈሉት።

ከምግብ ጋርስ? ከቀይ ወጥ ጋር አልወደድኩትም። አልኮሉና ጋዙ በርበሬውን ያባብሱታል፤ አፍ ይነድዳል፣ የቢራውም ሽታ ይጠፋል። ከአልጫ ጋር ግን ግሩም ነው፤ በተለይ እርዱና ዝንጅብሉ በደንብ ከገባበት የበግ አልጫ ጋር። ቅባቱን ጋዙ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ድንብላሉም ከቅመሙ ጋር ይስማማል። አይብ ለሚወድ ደግሞ የኬቤኩ ኦካ አለ። እሱም ከመነኮሳት እጅ የወጣ አይብ ነው።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ብርጭቆ መሃል ላይ ድንብላሉ ትንሽ ይበዛብኛል። ዌስትማሌ ትሪፕል 9.5 በመቶ ሆኖ እንኳ ደረቅ ነው፤ ምሬቱም ጠንከር ይላል። ምሬት የምትወዱ ከሆነ ዌስትማሌን አስቀድሙ። መዓዛና ለስላሳነት ለሚፈልግ ግን ላ ፋን ዱ ሞንድ ይበልጥበታል።

ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ይሄ ቢራ ተቀምጦ መቆየት ይችላል፤ እኔ ግን የብርቱካኑ መዓዛ ሳይደክም ነው የምወደው። ቤት ስትወስዱት እንደ ወይን አታጋድሙት። ብርሃን በማይደርስበት ቦታ አቁሙት፤ እርሾው ተሰብስቦ ስሩ ላይ ይተኛል፣ የመጀመሪያውም ብርጭቆ ጥርት ብሎ ይቀዳል።