እኒህን ርዕሰ መምህር ሳላመሰግን አላድርም

ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። «የሠራሁት ሥራዬን ነው፤ ፌስቡክ ላይ ምን ልሁን ብለሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ግን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ልጅ የሚቀበሉት ናቸው።

ልጄ ይንተባተባል። ሰው ካፈጠጠበት ጭራሽ ቃሉ አይወጣለትም። በፊት የነበረበት ትምህርት ቤት (የት እንደሆነ ይቅር) ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ሲታገል ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል፣ መምህሩም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን «ሆን ብለህ ነው» ተብሎ ሰልፍ ፊት በጎማ ተገረፈ። እያለቀስኩ ብሄድ ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ወንድ ልጅ አይደል እንዴ፣ ይለምደዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለመደ። ደብተሩን ይዞ እየወጣ ገበያ ለገበያ ሲዞር መዋል ለመደ። በ11 ዓመቱ ሌሊት ፍራሽ ማርጠብ ጀመረ። መሸኛውን ለማውጣት ደግሞ ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። ሻይ ቡና ሸጬ የማድር ሴት ሥራ ፈት መስያቸው ይሆናል።

እዚህ ስመጣም ያው ነው ብዬ ነበር። እሳቸው እኔን አስቀመጡና ወደ ልጁ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ምንድን ነው የሚከብድህ?» አሉት። ከዚያ ዝም አሉ። ጠበቁት። ስልካቸው ጮኸ፣ አላነሱትም። እኔ እናቱ እንኳ ሲንተባተብ ቃሉን እቀማዋለሁ፤ እሳቸው አልቀሙትም። በመጨረሻ «ስ... ስም ሲጠራ» አላቸው።

በማግስቱ ክፍሉ ገብተው «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ስም ሲጠራ እጅ ይወጣል እንጂ አቤት አይባልም፤ ድምፃችሁን ለሕዝብ መዝሙር አስቀምጡት» አሉ አሉ። በማን ምክንያት እንደሆነ አንድም ልጅ አላወቀም። በቃ ይኸው ነው። ብር አላወጣም፣ ስብሰባ አልተጠራበትም። እኔ ግን ይህን ሲነግረኝ ጀበናውን እሳት ላይ ረስቼ አለቀስኩ።

የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 በእጃቸው ጽፈው ለጥፈዋል፤ ልጅ በትምህርት ቤት አካሉ ላይ ቅጣት እንዳይደርስበት መብት አለው ይላል። ከ1987 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። እኔ የሰማሁት አምና! የሴቶች ሽንት ቤትም የመጣሁ ሰሞን በየበሩ መቀርቀሪያ ሲያስገቡ አይቻለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሴት ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ለመምህራኑም እንዲሁ ናቸው። አንድ አባት ሞቅ ብሎት መጥቶ አንዲት ወጣት መምህርት ላይ ሲጮህ መሃል ገብተው «ወቀሳ ካለ ለእኔ ነው፣ ቢሮ ግባ» አሉት። ልጅቷ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ «ስናጠፋ በር ዘግተው ይቆጡናል፤ ሰው ፊት ግን አሳልፈው አይሰጡንም» አለችኝ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ጎጃም ውስጥ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናንተው ታውቃላችሁ። አንድ ከሰዓት ተኩስ ሲሰማ ሲኒውን ሜዳ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ደወል አልተደወለም፣ ልጅም ወደ መንገድ አልፈሰሰም። ሁሉም ከመስኮት ርቆ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ መምህራኑ ተረት እያወሩላቸው ነበር። ሥልጠና ወስደውበት ይሁን፣ ራሳቸው አስበውት ይሁን አላውቅም። ነገሩ ጋብ ሲል በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ ለሚያውቀው ሰው እያስረከቡ፣ ማን ማንን እንደወሰደ በደብተር ይጽፋሉ። ዝናቡ ይወርዳል። ደብተሩ እንዳይርስ ጃንጥላቸውን ይዞላቸው የቆመው የኔ ልጅ ነው። «ቆይ እማዬ፣ አ... አልጨረስንም» አለኝ። የመጨረሻው ልጅ እስኪወሰድ አብሬ ቆምኩ።

ዛሬም ይንተባተባል። ፍራሹ ግን ደርቋል።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ የሚፈራበት ወላጅ ካለ፣ በሞቴ ወስዳችሁ አሳዩዋቸው። የማታውቋቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የትምህርት ቤቱን በር እጠቁማለሁ። ምዝገባ ሲጀመር ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ መሸኛውን ከወዲሁ አውጡ፤ እንደኔ ሦስቴ እንዳያመላልሷችሁ።