ማስገባቱ ቀላል፣ ማውጣቱ አበሳ

ሀገር ቤት ልትሄዱ ነው? ገንዘባችሁ ብሮከር (አክሲዮን የሚያገዛና የሚያሸጥ ድርጅት) ጋ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁን ከመሳፈራችሁ በፊት አውጡ። የኔ ልብ ወልቋል፣ የእናንተ ይትረፍ።

የብሮከሩን ስም አልጠራም። ገንዘብ ሳስገባበት አንድም ቀን ተቸግሬ አላውቅም። ባንካችሁን አንዴ ታገናኛላችሁ፣ መጠኑን ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። እንዲያውም ገንዘቡ ከባንክ ሳይደርስ አክሲዮን ግዙበት ይሏችኋል። ለመቀበል ሲሆን እጃቸው ፈጣን ነው።

እናቴ ቤት ሆኜ ገንዘብ ሲያስፈልገኝ ነው ጉዱ የፈላው። አክሲዮን ሸጥኩ። ስክሪኑ ላይ ገንዘቡ ወዲያው ታየ። ላውጣ ስል ግን ማውጣት የሚቻለው ዜሮ ነው አለኝ። የሽያጩ ርክክብ፣ ማለትም አክሲዮኑ ለገዢ፣ ገንዘቡ ለሻጭ በይፋ መተላለፉ፣ እስኪያልቅ ሌላ አክሲዮን ልትገዙበት ትችላላችሁ፣ ወደ ባንክ ግን አይሄድም። አሜሪካ ገበያ ላይ ርክክቡ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ወዲህ አንድ የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ቀድሞ ሁለት ነበር። አርብ የሸጠ ሰኞን ይጠብቃል። ይሄ የገበያው ሕግ ነው፣ አልከራከርም።

ርክክቡ አለቀ። ገንዘቡ ግን ንቅንቅ አላለም። አካውንቴን ከሌላ አገር ሆኜ ስለከፈትኩት «ለደህንነት ሲባል» ተቆልፏል። ለመክፈት ኮድ ይላካል፤ የሚላከው ደግሞ እዚህ ወደማይሠራው የውጭ ሲሜ ነው። እሺ ቁጥር ልቀይር አልኩ። ቁጥር የቀየረ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ማውጣት አይፈቀድለትም ተባልኩ። ባልቀይር ኮዱ አይደርሰኝም፣ ብቀይር ታገድኩ። ፓስፖርት ላክ፣ ላክሁ። የአድራሻ ማስረጃ ላክ፣ እሱንም ላክሁ። ቻት ላይ የሚመልሰው በየቀኑ ሌላ ሰው ነው፣ እኔም ታሪኬን ከሀ እጀምራለሁ። እነሱ ሥራ የሚገቡት እኔ ልተኛ ስል ነው። ስንት ዓመት የናፈቀችኝ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እኔ ስልክ ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ። ጨጓራዬን ላጡት!

በቀጥታ ወንድሜ አካውንት ላኩልኝ ብዬም ነበር። አይሆንም፣ የተቀባዩ ስም ከአካውንቱ ባለቤት ስም ጋር አንድ መሆን አለበት አሉ። እዚህ ላይ አልፈርድባቸውም። ሌባ አካውንቴ ውስጥ ቢገባ በራሱ ስም እንዳያወጣ የሚያደርገው ይሄው ነው።

በመጨረሻ ውጭ ወዳለው ባንኬ ገባልኝ፣ ከዚያ በስዊፍት (ባንኮች ከአገር አገር በሚላላኩበት መረብ) ወደዚህ ላክሁት። የደረሰው ከላክሁት አነሰ። ላኪው ባንክ የነገረኝ የራሱን ክፍያ ብቻ ነው። መሐል ያለው አገናኝ ባንክ ደግሞ የራሱን ቆርጧል። ይህን ያስረዳችኝ የሀገር ቤት ባንክ ሠራተኛ ናት፣ ወረቀቱን አውጥታ፣ መስመር በመስመር። እዚያ አገር ሰው ለማናገር «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» ሲባል ይዋላል። የእኛዎቹ ወረፋቸው ቢረዝምም መስኮቱ ላይ ሰው አለ።

ለምትሄዱ፦ ኮዱን ከኤስኤምኤስ ወደ ማረጋገጫ አፕ (ኮዱን ራሱ ስልካችሁ ላይ የሚያወጣ) የምትቀይሩት እዚያው ውጭ አገር ሳላችሁ ነው። አፑ ሲም አይፈልግም። ይህን ከመጀመሪያው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ስመለስ ወደ ሌላ ብሮከር እዛወራለሁ። አክሲዮኑን መሸጥ አያስፈልግም፣ እንዳለ ይተላለፋል። ውሉን ሳየው ለቆ ለሚሄድም ክፍያ አላቸው።