የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ወይስ አየር ያዘለ ኮንክሪት? ኃይል ቆጣቢ ቤት ለሚሠሩ የግድግዳ ንጽጽር

ግድግዳ ከሙቀት ጋር በተያያዘ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራል፤ አንደኛው ሙቀት እንዳያልፍ መከላከል ሲሆን፣ ሌላው ቀን የተቀበለውን ሙቀት አቆይቶ ማታ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው። ሻጮች ሁለቱንም «ቤት ያቀዘቅዛል» እያሉ በአንድ ስም ስለሚጠሯቸው፣ አንዱን ፈልጎ የመጣ ገዢ ሌላውን ገዝቶ ሊመለስ ይችላል።

ሙቀትን በመከላከል ረገድ ከሦስቱ የሚበልጠው አየር ያዘለ ኮንክሪት ነው። ከሲሚንቶ፣ ከኖራና ከደቀቀ አሸዋ በተዘጋጀው ቡኮ ውስጥ ጥቂት የአሉሚኒየም ዱቄት ሲጨመር የሚፈጠረው ጋዝ እንደ ሊጥ ኩፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም ከፍተኛ ግፊት ባለው እንፋሎት ይጠነክራል። በሜትር ኩብ ከ400 እስከ 700 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሚመዝን በመሠረትና በኮለን ላይ የሚያሳርፈው ጭነትም ይቀንሳል። የሲሚንቶ ብሎኬትም ቀዳዳ ስላለው እንደዚሁ የሚከላከል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ውስጥ አየሩ ስለሚዘዋወርና በመካከላቸው ያለው ኮንክሪት ሙቀቱን ስለሚያሻግር፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጻጸሩ የሲሚንቶው ብሎኬት የሚያሳልፈው ሙቀት ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል።

የአፈር ብሎኬት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። «አፈር ሙቀት አያስተላልፍም» የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ነው፤ የተጨመቀ አፈር ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ሙቀትን በደንብ ያሳልፋል፣ ነገር ግን ያዘገየዋል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ የቀትር ፀሐይ ያሳረፈው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አካባቢ ይህ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሞቅበት አካባቢ ግን ግድግዳው የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለማያገኝ፣ መኝታ ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ እንደሞቀ ያድራል። (ጣሪያው ያለ ሙቀት መከላከያ የተተወ ቆርቆሮ ከሆነ ግን በግድግዳ ምርጫ ላይ መጨነቅ ብዙም ትርጉም የለውም።)

ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ሚዛኑ ወደ አፈር ብሎኬት ያደላል። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ በ1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቃጠል ሲሆን፣ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመነጭ ነው። የአፈር ብሎኬት አይቃጠልም፤ የሚጨመርበት ሲሚንቶም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። አምራቹ ለአፈሩ ጥራት ማነስ ማካካሻ እንዲሆነው ሲሚንቶውን ካበዛ ግን ብልጫው እየሳሳ ይሄዳል፤ አፈሩ ከሩቅ የሚጫን ከሆነም እንዲሁ ነው።

የሲሚንቶ ብሎኬትን ጨርሶ መጣል አይገባም። ጠንካራ ነው፤ ግንበኛውም ጠንቅቆ ያውቀዋል። በውጭው ገጽ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ቢለብስ ከ20 ሳንቲ ሜትር አየር ያዘለ ኮንክሪት ጋር በግምት ይስተካከላል፤ ክብደቱም በውስጥ በኩል ስለሚቀር ሙቀትን የማቆየት ጥቅሙ አይጠፋም። እንደ እኔ አመለካከት፣ የተሠራ ቤት ገዝቶ ለሚያድስ ሰው ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም።

አየር ያዘለ ኮንክሪት በተለመደው ወፍራም ሞርታር ከተገነባ ሙቀት በመጋጠሚያዎቹ ያልፋል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ልዩ ማጣበቂያ መገንባት አለበት፤ ከባድ ቁምሳጥን ለመስቀልም ተራ ፊሸር አይበቃውም። የአፈር ብሎኬት በበኩሉ ከመሬት ከፍ ያለ መሠረትና ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ ጣሪያ ይፈልጋል፤ ከመገንባቱም በፊት ርጥበቱ ተጠብቆ 28 ቀን ያህል መቆየት አለበት። ጥንካሬው ሲረጥብ ስለሚቀንስ፣ ሻጩ የሚያሳየው የደረቁን ውጤት ብቻ ከሆነ የረጠበውንም መጠየቅ፣ ከክምሩ መካከል ራስ መርጦ ያነሡትን አንዱን ብሎኬት ደግሞ ለ24 ሰዓት ውኃ ውስጥ አኑሮ ጠርዙ ይፈረፈር እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው።