ጥርስ ማስነጣትና ማስሞላት በአንድ ቀን? እንዳትሸወዱ!

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ ለጥር ሰርግ ጥርሳችሁን ልታስነጡ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

የፊት ጥርሴ ጫፉ የተሸረፈ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ጎረምሳ ሳለሁ የዳሸን ጠርሙስ በጥርሴ ከፍቼ። እህቴ ልታገባ ስትል ፎቶ ላይ እንደ ሰው ልሳቅ ብዬ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁ። «ማንጣትም መሙላትም በአንድ ቀጠሮ፣ በቅናሽ» አሉኝ። ጠዋት ገብቼ ለምሳ ቤቴ ነበርኩ። ጥርሴ ነጭ፣ ሽራፊው ድፍን። መስታወት ፊት ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አትጠይቁኝ።

ሙሌቱ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ ቆሎ ስቆረጥም ቀጭ አለ። ያልበሰለ ሽምብራ መስሎኝ ወደ መዳፌ ተፋሁት። ሙሌቱ ነው። ለቅሶ ቤት ሆነና መራገምም አልቻልኩም።

ክሊኒኩ «ጠንካራ ነገር በልተህ ነው» ብሎ ለድጋሚው ሙሉ ሂሳብ ጠየቀኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩ፣ ምን ብዬ ልሟገት?

አዘዞ ያገኘሁት ሌላ ሐኪም ገና አፌን ሳያይ «መቼ ነው ያስነጣኸው?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንጫው ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ነው። ጥርስ ውስጥ ሰርጎ ኦክስጅን ይለቃል፤ ኦክስጅኑም ለቀናት እዚያው ይቆያል። ሙሌቱ የሚጣበቅበት ማጣበቂያ ደግሞ ሐኪሙ በሚያበራበት ሰማያዊ መብራት ሲደርቅ ኦክስጅን ካገኘው በደንብ አይጠነክርም። እርጥብ ግድግዳ ቀለም እንደ መቀባት በሉት። ላዩ ያምራል፣ ሥሩ አልያዘም። ስለዚህ ከማንጣት በኋላ ቢያንስ 1 ሳምንት፣ ቢቻል 2 ሳምንት መጠበቅ ነው።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ አለው። ጥርስ በነጣ ሰሞን ከትክክለኛው በላይ ነጭ ይመስላል፤ ቀናት ሲያልፉ ትንሽ ይመለሳል። ሙሌቱ ግን በተሞላበት ቀለም ይቀራል። «እንግዲያው መጀመሪያ ልሙላና በኋላ ላስነጣ» የምትሉም በከንቱ አትድከሙ። ማንጫው የጥርሱን እንጂ የሙሌቱን ቀለም አይቀይርም። የድሮ ሙሌት ያላችሁም ይህን አስቡበት።

ቴሌግራም ላይ እየገዛችሁ ማታ ማታ ቤት የምትቀቡት ጄልም ብዙውን ጊዜ ያው ፔሮክሳይድ ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ አትፈሩ። ጥርስ ማሳጠብ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የተጋገረውን ቆሻሻ ነው የሚያነሳው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት «ካስነጣሁ በኋላ ለሙሌቱ ስንት ቀን እጠብቃለሁ?» በሉ። «ምን መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ዛሬውኑ እንጨርሳለን» ካሏችሁ ተነስታችሁ ውጡ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

የአዘዞው ሐኪም 2 ሳምንት ሳይሞላ አልነካውም አለ። ሰርጉ ደግሞ ቀደመ። በእህቴ ፎቶ ላይ ሁሉም ሲስቅ አፉን ገጥሞ የቆመው እኔ ነኝ።